አውራ ዶሮው ሲጮህ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ላፕቶፕ ካቀፈች ወጣት ጎን ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ይኼ ኮምፒውተር ነው?»

«አዎ፣ አያ።»

«እኔስ ተቀይሜዋለሁ።»

«ምነው፣ ምን አደረገዎት?»

«ትናንት ለሦስት ሰዓት ቢቀጥሩኝ ከእንፍራንዝ ገስግሼ በሰዓቱ ደረስሁ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አየችና ‹ቀጠሮዎ ገና ነው› ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገተረችኝ። ስገባ ኃላፊው ወጥቷል!»

«የትኛው ቢሮ ነው?»

«ያ ከድልድዩ ማዶ ያለው።»

«ውይ፣ አያ! ጥፋቱ የኔ ነው። የዚያን ቢሮ ኮምፒውተሮች ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ሁሉም ሰዓታቸውን ከዋናው ኮምፒውተር እንዲቀበሉ አደረግሁ። ዋናውን ግን የእጅ ሰዓቴን እያየሁ በሀበሻ ሞላሁት። የእርስዎ ቀጠሮ ደግሞ የተመዘገበው በፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሦስት ሰዓት በእነሱ ዘጠኝ ነው።»

«ሌሎቹስ አንዳቸው እንኳ ተሳስተሃል አይሉትም?»

«አይሉም፤ ዋናው ያለውን ይቀበላሉ።»

«እንደ ዶሮ ነዋ! አውራው ሲጮህ ነጋም አልነጋ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ይከተላል።»

«ልክ እንደሱ! አሁን ግን ዋናውም ከኢንተርኔት ይቀበላል፤ ትናንት ማታ አስተካክዬዋለሁ። ዛሬም ወደዚያው ነኝ።»

«ሸጋ! ለዛሬም ቀጥረውኛል።»

«ለስንት ሰዓት?»

«ለሦስት።»

«በሀበሻ ነው በፈረንጅ?»

«እኔ ምን ዐውቄ ልጄ፤ በር ላይ እቀመጣለሁ፣ አንቺ ስትጮኺ እገባለሁ።»

እኔንም ሰዓት እንዳይጠይቁኝ የእጅ ሰዓቴን ቀስ ብዬ በእጅጌዬ ሸፈንሁት።