ይቅርታው ክሱን ያስቀራል?

ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ እናት አጠገባቸው የወንጀል ሕግ መጽሐፍ የያዘውን ወጣት አዩት።

«ልጄ፣ ሕግ ነው የምትማረው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ተበዳይ ይቅር ካለ ክሱ ይቀራል?»

«እንደ ወንጀሉ ነው። ስድብ ምናምን ከሆነ ሊቀር ይችላል። ተከሳሹ ምን አድርጎ ነው?»

«ሹፌር ነው። ሰው ገጭቶ ገደለ።»

«እሱማ አይቀርም። ከሳሹ መንግሥት ነው፤ ቤተሰብ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል።»

«ያረቢ! ታዲያ እርቁ ከንቱ ነው?»

«ከንቱስ አይደለም፤ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ልጅዎ ነው?»

«አይደለም። የሞተችው ናት ልጄ።»



«እና ይቅር ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«ሦስት ልጆች አሉት። ዛሬ ችሎት ቀርቤ ይቅር ማለቴን እንድናገር ያስታረቁን ሽማግሌዎች ለመኑኝ፤ እሺ አልኳቸው።»

«እንግዲያው ይናገሩ። ዳኛው ይሰሙዎታል።»

«መናገሩንስ እናገር ነበር። እሱን ሳየው አፌ ቢያያዝብኝስ?»

ወጣቱ መጽሐፉን ከደነው።

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ እንዲሁ በመኪና ተገጭቶ የሞተውን ልጄን ስም በልቤ ደጋግሜ ጠራሁ።