ስላይዴና የፎዚያ ሻይ

በሻይ አቅራቢ ቀንቼ አውቃለሁ። እዚህ ሐርጌሳ፣ የተበታተኑ መረጃዎች በኮምፒውተር እንዴት እርስ በርስ እንደሚተሳሰሩ ለኮድቡር ሰፈር ሽማግሌዎች እንዳስረዳ ቢሯችን አዘዘኝ። ሳምንት ሙሉ ስላይድ ሠርቼ ግማሽ ሰዓት ለፈለፍኩ፤ ለአንዳቸውም አልገባቸውም። ሻይ ይዛ የገባችው ፎዚያ ትሪዋን አስቀመጠችና የማይተዋወቁ ሁለት ሽማግሌዎችን «እስቲ አያቶቻችሁን ቁጠሩልኝ» አለቻቸው። ከአባት ወደ አያት እየቆጠሩ ወጥተው ዘጠነኛው ስም ላይ ተገናኙ። «መረጃውም እንዲህ ነው የሚገናኘው» አለች። «ማሻአላህ፣ አሁን ገባን» አሉ።

ቅናት አንገበገበኝ። ይባስ ብሎ አንደኛው ሽማግሌ «አንተስ ልጄ፣ ቁጠር እስቲ» አሉኝ። ከደሴ የመጣሁት እኔ አራተኛው ስም ላይ አለቀብኝ፤ ከማንም ጋር አልተገናኘሁም። ፎዚያ አዝናልኝ መሰለኝ፣ ሻዬ ላይ ስኳር ጨመረችልኝ። እሱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።