እትዬ ጠመኔ ያለበሷት ኮምፒውተር

የምስክር ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ አሠልጣኙ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ መምህራንን በክፍል ውስጥ የኮምፒውተር አጠቃቀም ማሠልጠን
አድራሻ፦ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ጠዋት፣ ቃጠሎው በደረሰ በማግሥቱ

እኔ መጠሪያዬና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በአንደኛ ክፍል መማሪያ ክፍል ስለደረሰው ቃጠሎ ተጠይቄ የማውቀውን እንደሚከተለው ተናግሬያለሁ።

አቃጥለዋል ተብለው የተጠረጠሩት የአንደኛ ክፍል መምህርት ናቸው። ተማሪውም ወላጁም የሚጠራቸው እትዬ ጠመኔ እያለ ነው። እኔንም በዚያው ክፍል ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ኋላ ደበቀ እንዳልባል ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።

ርዕሰ መምህሩ በሰጡት ቃል፣ እትዬ ጠመኔ ስለ ኮምፒውተሩ «አንድ ቀን በክብሪት ነው የምገላገላት» ማለታቸው ተነቦልኛል። እውነት ነው፣ እትዬ ይህን ብለዋል። ያሉትም ኮምፒውተሮቹ በየክፍሉ በገቡ ሰሞን፣ ሥልጠና ላይ፣ የማውዙ ቀስት ከስክሪኑ ጥግ አልመለስ ብሏቸው ነው። ሁላችንም ሳቅን። ርዕሰ መምህሩም እንባቸው እስኪወርድ ስቀዋል። አብረው የሳቁበትን ቀልድ ዛሬ ማስረጃ አድርገው ማቅረባቸው በጣም አሳዝኖኛል፤ ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

በእርግጥ መጀመሪያ ላይ መሣሪያውን አልወደዱትም። «ካረጁ አይበጁ፤ እኔን ተወኝና ወጣቶቹን አሠልጥን» ይሉኝ ነበር። እኔም «እትዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ብዬ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለብቻቸው አስጠናቸው ጀመር። ብዙም ሳይቆዩ እኔኑ ቀደሙኝ። ለየፊደሉ ሥዕል አዘጋጅተው፣ እያንዳንዱን ፊደል አንድ አንድ ልጅ እንዲጠራው እያደረጉ ድምፅ ይቀዱ ነበር። ልጆቹ የራሳቸውን ድምፅ ከኮምፒውተሩ ሲሰሙ ወንበር ላይ ይወጣሉ። እትዬ በዚህ ዓመት መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። «ለምትተካኝ ልጅ ትቼላት የምሄደው ይህን ነው» ሲሉ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ይህን የሚሉ ሰው ክብሪት አይጭሩም።

በሥልጠናው ላይ ሁለት ነገር አጥብቄ ተናግሬ ነበር። የኮምፒውተር ጠላት የጠመኔ ብናኝ ነውና ስትጨርሱ አልብሱት ብያለሁ። ሥራችሁን ሳታስቀምጡ ካጠፋችሁት ይጠፋባችኋልም ብያለሁ። ከማልበስ በፊት ማጥፋት እንደሚቀድም ግን አልተናገርኩም። ለእኔ ግልጽ ስለነበረ ለሁሉም ግልጽ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ መምህራኑ በኮምፒውተር ልብስ ይፎካከሩ ጀመር። ሌሎቹ በስስ ዳንቴል ሸፈኑ። እትዬ ጠመኔ ግን የሟች ባለቤታቸውን ካፖርት ፈትተው፣ ከነገበሩ፣ ስክሪኑንም ሳጥኑንም እስከ ጠረጴዛው የሚሸፍን አድርገው ሰፉለት። ከሁሉም ያማረው የእርስዎ ነው ያልኳቸው እኔው ነኝ።

ረቡዕ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወደ ክፍላቸው ጎራ አልኩ። ኮምፒውተሩ ለብሶ ነበር። የመጨረሻው ልጅ ድምፅ መቀዳቱን በደስታ ነገሩኝ። ልብሱን ልገልጥ እጄን ስዘረጋ «ተው አንተ ልጅ፣ ብርድ ይመታብኛል! ነገ ታየዋለህ» አሉኝ። ስቄ ተውኩት። ገልጬው ቢሆን ኖሮ አለመጥፋቱን አይ ነበር።

አብረን ወጥተን ዋናው በር ላይ ቆመን ስናወራ ጭስ አየን። እትዬ በዚያ ዕድሜያቸው ከእኔ ቀድመው ሮጡ፤ «ልጆቼን!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አንድም ልጅ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ የሚሉት የተቀዳውን የልጆቹን ድምፅ ነው። ስደርስ የሚነደውን ካፖርት በሁለት እጃቸው ከኮምፒውተሩ ላይ እየገፈፉ ነበር። ጎትቼ አወጣኋቸው። ጥበቃው መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ እሳቱን በአሸዋ አዳፈነው። ኮምፒውተሩ ቀልጧል፤ ከውስጡ ምንም ማውጣት እንደማይቻል እኔው መርምሬ አረጋግጫለሁ።

ትናንት ምሽት ሐኪም ቤት ጠየቅኳቸው። ፖሊስ በራቸው ላይ ቆሟል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ተጠቅልሏል። ኮምፒውተሩን ያላጠፉት፣ የልጆቹ ድምፅ እንዳይጠፋባቸው ፈርተው፣ ጠዋት እኔ እንዳስቀምጥላቸው ብለው መሆኑን ነገሩኝ። ስለ እጃቸውም ስለ ክሱም አልጠየቁኝም። «የልጆቹ ድምፅ ተረፈ?» ነው ያሉኝ።

«ተርፏል እትዬ» አልኳቸው።

«ተመስገን» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከላይ የሰፈረው ቃሌ ተነቦልኝ፣ በሙሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። በዚህ ጉዳይ የዋሸሁት ለእሳቸው ብቻ ነው። ነፃ የሚያወጣቸው ከሆነ ቃሌ በየትም ቦታ ይነበብ፤ እሳቸው ባሉበት ግን እንዳይነበብ እለምናለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል