የሐረገወይን ማጣሪያ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እትዬ አሰገደች፣ ከቀወት ገጠር በዚህ ፀሐይ በእግራችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች ሁሉ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እዮኤል እባላለሁ። ከኢንጂነር ሐረገወይን ጋር አዲስ አበባ፣ ስልክ ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ሠርቻለሁ። የመጣሁት ላለቅስ ነበር። ግን ተናድጃለሁ።

እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት "ልጄ ምን ነበር የምትሠራው?" ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ይስማ። ስልክ ውስጥ ከምስር ፍሬ የምታንስ ማጣሪያ አለች። አየሩ በሞገድ የታጨቀ ነው፤ የእርስዎን ጥሪ ከሌላው ሁሉ ለይታ የምታስገባው እሷ ናት። ሙቀት ሲበረታባት ግን መለየት ያቅታታል። ልጅዎ ያቺን ማጣሪያ ነበር የምትነድፈው።

በ2006 ስልኩን አዲስ አበባ ብርድ ላይ ፈትነን "ይሠራል" ስንል ማን ተቃወመ? ሐረገወይን! መሣሪያዋን ተሸክማ በጣርማ በር ወደዚህ፣ ወደ ቆላው ሮቢት ወረደች። እኩለ ቀን ላይ ሦስት ስልክ የእናቷ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣች። ጎረቤቷ፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ እትዬ ከዲጃ፣ ይኸው እዚህ አሉ፣ "ሐረግ፣ ስልክም እንደ በርበሬ ይሰጣል እንዴ?" ብለው ሳቁባት። ከዚያ በአንዱ ደወሉ። ተቋረጠ። ደግመው ደወሉ። ተቋረጠ። "ወላሂ፣ የኔም ስልክ እንዲህ ሲያደርግ ደሴ ያለው ደንበኛዬ ጆሮዬ ላይ የሚዘጋብኝ ይመስለኝ ነበር! ስንቴ ተቀይሜዋለሁ!" አሉ።

ያንን ይዛ ግምገማ ላይ ቀረበች። ኃላፊያችን ምን አላት? "ለቆላ ሰው ለብቻው ስልክ እንሥራለት ወይ?" ሳቅን። አዎ፣ እኛም ሳቅን። "የልማት እንቅፋት" ተብሎ ተጻፈባት። እሷ ግን ነደፈች። አሥራ አንድ ጊዜ አበላሽታ በአሥራ ሁለተኛው ተሳካላት።

ከዚያስ? ሽልማቱን ማን ተቀበለ? ኃላፊው! ንድፉ በማን ስም ተመዘገበ? በኃላፊው! ዛሬ ደግሞ "ለትጉህ ሠራተኛችን" የሚል የአበባ ጉንጉን ላኩልን። ትጉህ! ስሟን ቀምቶ አበባ መላክ ምን ይባላል? የት አገር ነው እንዲህ ያለ ነውር ያለው?

ግን ወገኖቼ፣ ቁጣዬ በእነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ንድፉ የኃላፊው ነው በሚለው ወረቀት ላይ ሦስት ምስክሮች ፈርመዋል። አንዱ እኔ ነኝ። እሷም ይህን ታውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም፤ ምሳዋንም ከእኔ ጋር መብላት አልተወችም።

ሐረግ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ገብቼ "ዋሽቻለሁ" ብዬ እጽፋለሁ። ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ። በሕይወት ሳለሽ ልትሰሚው የሚገባሽን፣ መቃብርሽ አፋፍ ላይ ቆሜ መናገሬ ያሳፍረኛል። ማጣሪያዋ ያንቺ ናት። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።