የሆዳን ምሳ

ፋብሪካ ውስጥ ለመሥራት ባሕር ዳር ከመጡት ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ቋንቋቸውን ተምሬያለሁ፤ ጤና ጣቢያው እርጉዞቻቸውን አንድ ላይ ሰብስቦ ማማከር ሲጀምር አስተርጓሚዋ እኔ ሆንሁ።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ስትመዝን፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችው ሆዳን ክብደቷ ቀንሶ ተገኘ። «ልጁ ገዝፎ በኦፕራሲዮን እንዳልወልድ ምሳ ትቻለሁ» አለች። እኔ ደግሞ ማብራራት ስወድ! ስለ ደም ማነስ ስጀምር፣ አራተኛቸውን ያረገዙት ወይዘሮ ሃሊማ «አንቺ ልጅ፣ ስንት ወልደሻል?» ብለው አሳቁብኝ። ወደ ሆዳን ዞረው ግን፣ «እኔም በመጀመሪያው እንዳንቺ ተራብሁ። ምጡ ሲመጣ መግፊያ ጉልበት አጥቼ፣ ያው የፈራሁት ኦፕራሲዮን ደረሰብኝ» አሏት።

በቀጣዩ ቀጠሮ ሆዳን ሚዛን ላይ ወጣች፤ ጨምራለች! «ለሲስተር ንገሪልኝ፣ ምሳዬን በልቼ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ውጭ ወረፋ የያዙት ሁሉ እስኪሰሙ ጮኼ ተረጎምሁላት።