እሳት ማያያዣ የሆነው ደብዳቤ

ባለፈው መጋቢት ወደ ዋና ከተማችን ኮፐንሃገን በሚሻገረው መርከብ ላይ ቶርኪልድን ሳላስበው አገኘሁት። በደሴታችን አርባ ዓመት ሙሉ ሄሪንግ ዓሣ በእንጨት ጢስ እያበሰለ የሸጠ ሰው ነው። ጥርሱን ሊያስነቅል ይሄዳል። ከጎኑ እኔው ራሴ ፊደል ያስቆጠርኳት ቦዲል ተቀምጣለች። ዛሬ የትናንሽ ነጋዴዎች ማኅበር ቀጥሯት፣ ሕግ ሲረቀቅ ስለ እነሱ ትሟገታለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ የያዘችውን ወረቀት ደጋግማ ታነባለች።

«ምነው ልጄ፣ ባሕሩ አመመሽ?» አላት ቶርኪልድ።

«ባሕሩ ባመመኝ በተሻለኝ ነበር፣ ጋሼ። በአራት ሰዓት በፓርላማው ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ፤ መርከቡ ደግሞ በነፋሱ ዘግይቷል። ዓሣ የሚያጥን ሁሉ የፋብሪካ ጢስ ማጣሪያ ይግጠም፣ ያልቻለ ይዝጋ የሚለው ሕግ ዛሬ ይታያል። የእርስዎም ቤት አለበት።»

«እስቲ ተይኝ! ዝም አይነቅዝም። አባቴ ከመንግሥት ጋር ሳይነጋገር ኖሮ ሳይነጋገር ሞተ። አንቺ ግን ያን ሁሉ ተምረሽ በምላስሽ እንጀራ ትበያለሽ!»

«የእናንተን ምላስ ስላጣሁ ነዋ! ለመሆኑ በጥቅምት አስተያየታችሁን የሚጠይቅ የኮሚቴው ደብዳቤ አልደረሰዎትም?»

«ደርሶኛል። ደህና ወፍራም ወረቀት ነበር፤ እሳት አያያዝኩበት» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። እኛ ደሴተኞች ራስን ማስቀደም ነውር ነው እያልን፣ ለባለሥልጣን የጻፈውን ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መሳቂያ እናደርገዋለን። ይህን ጨዋነት ይሉታል፤ እኔ ስንፍና ነው የምለው።

ቦዲል የያዘችውን የኮሚቴውን ወረቀት ሰጠችው። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፦ «ለደሴቱ አሥራ አንድ ዓሣ አጫሽ ቤቶች ሁሉ ተጽፎ መልስ የሰጠ የለም። ስለዚህ ተስማምተዋል።»

«እኔ መቼ ነው የተስማማሁት?» ብሎ ጮኸ።

«እሳት ሲያያይዙበት።»

ቶርኪልድ መነጽሩን አወለቀ። «ሚስቴ ኤልሰ ከሞተች ወዲህ ከዚያ ምድጃ ሌላ ምንም የለኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ምን ብዬ ልናገር? አፌ ይተሳሰራል።»

«ምን እንጨት እንደሚያነዱ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጨስ ይንገሯቸው። እኔ ሕጉን አውቃለሁ፤ ምድጃውን ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ብቻዬን ከገባሁ አያምኑኝም፤ ፈርቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ጥርሴስ?»

«ይቆይ» አልኩት። «አፍህን እንደሆነ እዚያም መክፈትህ አይቀርም።»

በሩጫ ደረስን። ቶርኪልድ ጉንጩ እንዳበጠ፣ ስለ እንጨቱና በቀን ስለሚያጨስበት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ተናገረ። ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ በቀን ከአምስት ሰዓት በታች የሚያጨሱ ቤቶች ከማጣሪያው ነፃ ሆኑ። አሥራ አንዱም ምድጃ ዛሬ ይነዳል፤ ሠራተኞቻቸውም ደሴቱን ለቀው አልሄዱም። ሕግ የሚያወጣው ሰው የእኛን ቤት አያውቀውም፤ ካልነገርነው ከየት ያውቀዋል?

ባለፈው ሳምንት ቶርኪልድ ቤት ስገባ ከመንግሥት የመጣ አዲስ ደብዳቤ ይዞ ምድጃው አጠገብ ቆሟል። ይህንንም ሊያነደው ነው ብዬ ፈራሁ።

«ና እስቲ» አለኝ መነጽሩን እየፈለገ፣ «እስክሪብቶ ይዘሃል?»