አፋቸውን የከፈቱ አድማጮች

(የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፤ የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ መንበሩ የነገውን የምርጫ ንግግራቸውን ሳሎን ካለው የዓሣ ማኖሪያ መስታወት (አኳሪየም) ፊት ቆመው ሲለማመዱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ደርሰውባቸዋል።)

ዘነበች፦ ማጣሪያውን ማን ነካው ነው የምልህ?

መንበሩ፦ እኔ ነኝ አልኩሽ። ሲንሿሿ የራሴን ንግግር መስማት አቃተኝ። ቱቦውን ውሃው ውስጥ ደፈቅ አደረግኩት፣ ዝም አለ። አላጠፋሁትም፣ ይሠራል።

ዘነበች፦ ዓሣዎቹስ ምን ሆነው ነው ሁሉም ላይ የወጡት?

መንበሩ፦ እያዳመጡኝ ነዋ። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች» ስል አንድ ሁለቱ መጡ። «የጋራ ራዕያችን» ላይ ስደርስ የቀሩትም ብቅ አሉ፣ አፋቸውን ከፍተው።

ዘነበች፦ አየር አጥሯቸው ነው አንተ ሰው።

መንበሩ፦ ውሃ ውስጥ ደግሞ ምን አየር አለ?

ዘነበች፦ ማጣሪያው ውሃውን ስቦ፣ በስፖንጅ አጥርቶ፣ መልሶ ከላይ ያወርደዋል። ሲወርድ ላዩን ይበጠብጠዋል፤ አየሩ የሚገባው በዚያ ነው። አንተ ቱቦውን ደፈቅህበት፣ ላዩ ተኛ፣ እነሱ ታፈኑ።

መንበሩ፦ ጠርቷል እኮ። እስቲ እዪው፣ መስታወት ነው።

ዘነበች፦ ይጥራ። ጥራቱን አይተነፍሱት።

መንበሩ፦ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ አሉ። መንቦጫረቁ ምን ይፈይዳል ብዬ ነው።

ዘነበች፦ እምቦጩ ነው እኮ የሚያኖራቸው። ለመሆኑ ነገ ጥያቄና መልስ አለ?

መንበሩ፦ ሰርዤዋለሁ። ያቺ የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ ስለ ተበላሸው የውሃ ፓምፕ ታነሳለች፤ አንዱ ከተነሳ ሌላው ይከተላል። ባለፈው ያለ ጥያቄ እንዴት አምሮብን እንደነበር አላየሽም?

ዘነበች፦ የአዳራሹን መስኮት ሁሉ ያስዘጋህ ዕለት?

መንበሩ፦ ጫጫታ እንዳይረብሽ ነዋ። ሰዉ እንዴት እንዳዳመጠኝ። አፉን ከፍቶ።

ዘነበች፦ እያዛጋ ነበር፣ መንበሩ።

መንበሩ፦ ማን?

ዘነበች፦ ሁሉም። እኔም። ጄሪካን ይዤ አራት ፎቅ ስወጣ ውዬ ምን ላድርግ።

መንበሩ፦ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ይህን ጎረቤት ዘንድ ትንፍሽ እንዳትዪ።

ዘነበች፦ ዓሣ ግማቱ ከአናቱ። ይልቅ ቱቦውን አውጣው፣ ቀዩ ዓሣ በጎኑ እየተጋደመ ነው።

መንበሩ፦ የንግግሬን መዝጊያ ብቻ ልበልና...

ዘነበች፦ አንተ እስክትዘጋ አድማጭ አይተርፍህም።

መንበሩ፦ እሺ፣ ይኸው። እጅጌዬን አበሰበሰው።

ዘነበች፦ ከፍ አድርገው፣ ከላይ ይውረድ። እንዲያ። አየህ፣ አንድ ባንድ ወደ ታች ተመለሱ።

መንበሩ፦ ጥለውኝ ሄዱ እኮ።

ዘነበች፦ መተንፈስ ከቻሉ አንተን ምን ያደርጉሃል።

መንበሩ፦ ዘኔ፣ ቀልዱን ተዪው። ወንበሩን ካጣሁ በዚህ ግቢ በየትኛው ዓይኔ እወጣ እገባለሁ? እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ። ነገ እጅሽን ታወጪልኛለሽ?

ዘነበች፦ አወጣለሁ።

መንበሩ፦ ኑሪልኝ። ከሁሉ ቀድመሽ አውጪ እንግዲህ፤ ያንቺን አይቶ ሌላው ይከተላል።

ዘነበች፦ እንዲከተለኝማ ነው ቀድሜ የማወጣው። ጥያቄ አለኝ።